የባለ እጅ ሳጥን

እኛ አገር ጋራዥ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ግራሶ የጠገበ ቱታ የለበሱ ልጆች መኪና ሥር ተጋድመው የሚውሉበት፣ ባለመኪናው «ነገ ይደርሳል» እየተባለ ሳምንት የሚመላለስበት ግቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ጋራዥ የቤት ክፍል ነው። መኪና ይደርበታል ተብሎ ይሠራል፤ መኪናው ብዙውን ጊዜ ውጪ ያድራል። ውስጡን የሚሞላው የልጆች ብስክሌት፣ የሣር ማጨጃ፣ ያልተፈታ ካርቶንና የገና ዛፍ ነው። ባለፈው ክረምት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የእህቴ ልጅ ቤት አምስት ሳምንት ስለተቀመጥኩ ይህንን ልዩነት አጥንቼ ነው የመጣሁት። የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሌላ ምን ያጠናል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጁ «ጋሼ፣ ዛሬ ትልቅ ሳጥን ላይ ስለሆነ አብረን እንሂድ» አለኝ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ምን ላድርግ? በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያውቀው ሳጥን ሁለት ነው። አንደኛው ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንሄድ አንሶላና ደብተር አጭቀን በጓጉንቸር የቆለፍነው የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ሁለተኛው የማይቀረው። እሱ የፈለገው ግን የመሣሪያ ሳጥን ነበር። መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መዶሻ የሚቀመጥበት፣ ብዙ መሳቢያ ያለው፣ በጎማ የሚሄድ፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ነገር።

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር ማውጣት አለብኝ፤ ባለቤቱን አስፈቅጃለሁ። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ አካውንቲንግ ተምሮ በዲግሪ ተመርቋል። ዲቪ ደርሶት ሄደ። እንደ ብዙዎቹ ወገኖቻችን ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ቦታ ሠራ። ማታ ማታ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የመኪና ጥገና ተማረ። እነሆ መካኒክ ከሆነ ስምንት ዓመቱ ነው። ደህና ይከፈለዋል፤ ቤት ገዝቷል፤ እሑድ እሑድ የወዳጅ ዘመድ መኪና እዚያው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ያያል። እናቱ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቀው ልጇ «ቢሮ» እንደሚሠራ ነው። «ውሸት አይደለም እኮ ጋሼ፣ የምሠራበት ጋራዥ ቢሮ አለው» ይለኛል።

ሄድን። መደብሩ ውስጥ ሳጥኖቹ በቀይ፣ በጥቁርና በሰማያዊ ቀለም አሸብርቀው እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ወርድ ነው፤ 44 ኢንች፣ 56 ኢንች፣ 72 ኢንች እያለ ይሄዳል። 72 ኢንች 183 ሳንቲ ሜትር ነው። ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ያ ሁለተኛው ሳጥን እንደገና ትዝ አለኝ።

ልጁ ቀለሙን ዞር ብሎ አላየውም። የጠየቀው የላሜራውን ውፍረት ነው። እዚያ ውፍረቱን በ«ጌጅ» ይለኩታል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ላሜራው ይሳሳል። 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 22 ጌጅ ከ0.8 በታች ነው። እንደ ክፍል ደረጃ ቁጠረው አልኩ ለራሴ፤ 18ኛ የወጣው ከ22ኛው ይሻላል። ቀጥሎ እያንዳንዱን መሳቢያ እስከ መጨረሻው እየሳበ ጥጉን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ተጫነው። መሳቢያው ደህና ኩሽኔታ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ንቅንቅ አይልም፤ ርካሹ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ደህናው መሳቢያ አንዱ ብቻውን 45 ኪሎ ያህል ይሸከማል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየ። ሲሞላ ብዙ መቶ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በትንንሽ ጎማ ላይ ከቆመ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ስንጥቅ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ጥልቅ መሳቢያ የበዛበትን ደግሞ ከሩቁ አለፈው። «ጥልቅ መሳቢያ መሣሪያ ይቀብራል ጋሼ» አለኝ። «አሥር ስስ ይሻላል። ስትስበው ሁሉም ፊት ለፊትህ ነው።»

ዋጋው ግራ ያጋባል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንታ የሚመስሉ ሳጥኖች አንዱ ከአንድ ሺህ ዶላር በታች፣ ሌላው ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ይጠራባቸዋል። በጣም ውዶቹ እንዲህ ያለ መደብር ውስጥ አይገኙም። የመሣሪያ ነጋዴው በትልቅ የዕቃ መኪና ጭኖ በየሳምንቱ ጋራዥ ድረስ ይመጣና በዱቤ ይሸጣቸዋል። የልጁ የሥራ ጓደኞች መኪናቸውን ከፍለው ጨርሰው የሳጥናቸውን ዕዳ ገና ይከፍላሉ።

«ለምን ጋራዡ አይገዛላችሁም?» አልኩት።

«እዚህ የመካኒክ መሣሪያ የራሱ ነው። ሥራ ሲለቅ ሳጥኑን እየገፋ ይወጣል።»

ጎማው ለዚህ ኖሯል! ያን ዕለት ሳንገዛ ተመለስን፤ ያገለገለ እፈልጋለሁ አለ። እኔ ግን «እየገፋ ይወጣል» የምትለዋ አነጋገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች ሌሊቱን የሳጥን ታሪክ ሳነብ አነጋሁ። (የፈረንጁን ታሪክ በፈረንጅ ዘመን፣ የእኛን በእኛ ዘመን እቆጥራለሁ።)

የመሣሪያ ሳጥን ጥንታዊ ነው። በ1936 በስዊድን ጎትላንድ ደሴት አንድ ገበሬ ቀድሞ ረግረግ የነበረ መሬት ሲያርስ ማረሻው ከኦክ እንጨት የተሠራ ሳጥን መታ። ሁለት መቶ ያህል ዕቃ ተገኘ፤ መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ መጋዙ፣ ሞረዱ። የአንድ ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የቫይኪንግ ዘመን ባለ እጅ ሀብት ነው። ያ ሳጥን እንደ እኛው የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ከላይ ይከፈታል፣ የሚፈለገው ዕቃ ሁልጊዜ ታች ነው። የእንጨት ሳጥን ዘመን ሊያበቃ ሲል ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሄንሪ ስተድሊ የሚባል ፒያኖ ሠሪ ነበር፤ በ1925 ሞተ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ሳጥን ሠርቶ ከ250 በላይ መሣሪያ እያንዳንዱን በልኩ በተቀረጸ ቦታ አስገባበት። ፎቶውን ሳየው የተከፈተ ባለ ሥዕል የብራና መጽሐፍ መሰለኝ።

መሳቢያ አጥብቀው የፈለጉት የፋብሪካ ማሽን ሠራተኞች ናቸው። እነሱ የፀጉር ቅጣይ የምታህል ስሕተት የሚለኩ ስስ መለኪያዎች ነበሯቸው፤ ያን የመሰለ ዕቃ መዶሻ ሥር አይጣልም። ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ ገርስትነር የተባለው ድርጅት ከ1906 ጀምሮ መሳቢያቸው በጨርቅ የተለበጠ የእንጨት ሳጥኖች ሠራላቸው። ያው ኦሃዮ ውስጥ ኬኔዲ የተባለው በ1911 ተቋቁሞ ሳጥኑን ወደ ብረት ወሰደው። ከዚያ አውቶሞቢል መጣና የመፍቻው ቁጥር እንደ አንበጣ ፈላ። በ1920 ሚልዋኪ ላይ የተመሠረተው ስናፕ ኦን አንድ ብልሃት ዘየደ፤ መፍቻውን ከእጀታው ለየው። አምስት እጀታና አሥር ተቀያያሪ ጭንቅላት፣ የጋራዥ ልጆች ቡሶላ የሚሉትን መሆኑ ነው፣ የሃምሳ መፍቻ ሥራ ይሠራሉ። መፍቻው ግን አልቀነሰም፤ ሰው ሃምሳውንም አምስቱንም መግዛት ጀመረ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የስም ታሪክ ነው። ሲርስ የተባለው ትልቅ ነጋዴ ድርጅት በ1927 «ክራፍትስማን» የሚለውን የንግድ ስም ከአንድ አነስተኛ ድርጅት በ500 ዶላር ገዛ። በዚያ ስም ለተራው ሰው የማይከብድ መሣሪያና ቀይ ሳጥን እየሸጠ በየቤቱ ጋራዥ ገባ። በ2017 ያንኑ ስም ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ለሌላ ኩባንያ ሸጠው። በዓመቱ ሲርስ ራሱ የኪሳራ ፍርድ ቤት ቆመ፤ ስሙ ግን ደህና ነው። በዚያው በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ከቻይናና ከቬትናም በሚገቡ የመሣሪያ ሳጥኖች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ፤ ሳጥን እዚያ እንዲህ መንግሥት የሚከራከርበት ነገር ነው።

አሁን «ክራፍትስማን» የሚለውን ወደ አማርኛ መልሱልኝ። «ባለ እጅ» ማለት ነው። በእኛ አገር ለዚህ ስም አምስት መቶ ዶላር የሚሰጥ አልነበረም። ሰው የሚከፍለው ስሙን ከላዩ ላይ ለማራገፍ ነበር።

ባለ እጅ ደግሞ ጨዋው አጠራር ነው። ስድቡ «ጠይብ» ነው። ቃሉ ከግእዙ «ጠቢብ» የመጣ ነው ይባላል፤ ጠቢቡ ሰሎሞን ከምንለው አንድ ሥር። አንድ ቋንቋ እንዲህ ሲሠራ ማየት ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጉድ ነው። ጥበብ ዕውቀት ነው፤ ጥበብ የነጠላችን ጠርዝ ነው፤ ጠይብ ሲሆን ግን ሰው የሚጣላበት ይሆናል። ገበሬው ማረሻውን ከብረት ሠሪው እጅ ይቀበላል፤ ዓመቱን ሙሉ አርሶበት ይበላል፤ ማታ ያው ሰው ጅብ ይሆናል እያለ ልጁን ከዓይኑ ይሸሽጋል። ርስት አይሰጠውም፤ አይጋባውም። ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በብረትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሁሉ ከዚህ ጽዋ ቀምሰዋል።

ነገሥታቱ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለ እጆችን ሰብስበው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል አስቀለጡ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ከእንግሊዝ አጥብቀው የጠየቁትም የእጅ ባለሙያና መሣሪያ ነበር። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጥተው እስረኞቹ ስላልተፈቱ ተመለሱ፤ በ1860 የመጣው ጦር ነው። አፄ ምኒልክም በ1871 ከስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ሁለት ባለ እጆች አብረው ሲመጡላቸው፣ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠሩላቸው ነው ይባላል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚሰድብ የሰደበው እኔን ነው፤ ይህን ያደረገ ይታሰራል የሚል አዋጅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለባለ እጅ ክብር ከዚህ በላይ ምን ይሉ ነበር? ዳሩ ግን አዋጅ አደባባይ ይሰማል፤ ስድብ ቤት ውስጥ ያድራል።

በ1934 አዲስ አበባ ላይ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እጅ ሲባል ያፈርንበትን በግእዝ እድ ስንለው ተማርንበት። የጋራዥ ቋንቋችንም ይህንኑ ያሳያል መሰለኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፤ ሁሉም የጣሊያን ናቸው። ባለ እጅ ከመባል መካኒክ መባል የቀለለው የውጭ ቃል ሐሜት ስላልተጣበቀበት ይሆናል። መካኒክ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ያለ የለም። «ነገ ይደርሳል» ብሎ ይዋሻል ነው የተባለው።

እንግዲህ ወደ ቤቴ ልግባ። የእናቴ አባት ባለ እጅ ነበሩ። ስንት ዓመት ስጽፍ ኖሬ ይህቺን አጭር ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት ዛሬ ገና ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይሠሩ ነበር። እናታችን እንደምትገምተው የተወለዱት ያ አዋጅ በወጣ ሰሞን ነው። ከጣሊያን በኋላ አዲስ አበባ ገብተው የመጋዘን ዘበኛ ሆኑ፤ ለጎረቤት «ገበሬ ነበርኩ» አሉ። መስፉ ከባድ ስለሆነ እዚያው ቀረ። መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ወናፉን ግን በአቅማዳ አድርገው አልጋ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጡት። አንድ ቀን እትዬ፣ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ሆና፣ አቅማዳውን ጎትታ አውጥታ ጉጠቱን ስትከፍት ስትዘጋ እንግዳ ገባ። አያታችን በእንግዳው ፊት በጥፊ መቷት፤ ሴትዮዋ እጃቸውን በልጅ ላይ አንስተው አያውቁም ነበር። እትዬ እስከ ዛሬ ጉንጯን ይዛ ነው የምታወራው። ሲታጭላት ዘር ሲቆጠር የአያታችን ሥራ «ገበሬ» ተብሎ አለፈ። ባሏ ሳያውቅ ሞተ። አቅማዳው የት እንደገባ አላውቅም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ያገለገለ ሳጥን ልናይ ስንሄድ፣ ልጁ መሪውን ይዞ «ለእማዬ ግን ምን ብለህ ትነግራታለህ?» አለኝ። እኔ በመልሱ ፋንታ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከአውራ ጎዳናው እስክንወጣ ድረስ ዝም አለ። ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ፣

«ብረቱን ከየት ነበር የሚያገኙት?» አለኝ።

ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ብረት የሚያውቅ ነው የሚጠይቀው። መኪና አገሩ ከበዛ ወዲህ ባለ እጆቻችን የሚወዱት የተሰበረ ባሌስትራ እንደሆነ ነገርኩት። «ቅድመ አያቴ ባሌስትራ ይቀጠቅጡ ነበር?» ብሎ መሪውን በመዳፉ መታው። «ልክ ናቸው! ምርጥ ብረት ነው እኮ!»

ሻጩ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ መካኒክ ነበር። ሳጥኑ ቀይ፣ ከእኛ መደብር ሳጥኖች የከበደ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ። ልጁ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበ፣ ጥጋቸውን ተጫነ፤ አንዱ ብቻ ትንሽ ዘመም አለ። ሽማግሌው ስለ እያንዳንዱ መሳቢያ ሊያስረዳ ሞከረ፤ የሁለቱን ንግግር ግማሹን አልተከተልኩም። ወንድ ልጁ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው፤ ካቻቢቴ ሲፈልግ አባቱን ይጠራል። አሜሪካም እንግዲህ እንደዚያ ናት፤ ስሙን በ900 ሚሊዮን ትገዛለች፣ ልጆቿ ግን ሳጥኑን አይወርሱም። በ450 ዶላር ተስማሙ። ሽማግሌው ገንዘቡን ከቆጠረ በኋላ ተመልሶ አንዲት መዶሻ ከመሳቢያው አወጣና በኋላ ኪሱ ከተታት። ቁልፉን ስንጠይቀው ከጠፋ ሃያ ዓመት እንደሚሆነው፣ ከዚያ በፊትም ቆልፎት እንደማያውቅ ነገረን።

ሳጥኑን ጭነን አመጣን፤ አራት ሰው ሆነን አወረድነው። ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት መሣሪያውን ደረደረ። የጋራዡን በር ክፍት አድርጎ ነበር፤ የሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ እየቆመ ሳጥኑን ያደንቃል፤ አንዱ ጭራሽ መሳቢያ ስቦ አየ። እኔ የካርቶን ቁልል ላይ ቁጭ ብዬ ፎቶ አነሳሁ።

ስመለስ እትዬ ጋ ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነበር። ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ፍሪጅ ነው?»

«የመሣሪያ ሳጥን ነው፣ እትዬ።»

«የማን?»

«የልጅሽ። መካኒክ ነው። ስምንት ዓመቱ።»

ምንም አላለችም። ፎቶውን ወደ እጆቹ ወሰደችው፤ ግራሶ ነበረባቸው። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። በሩ ወለል ብሎ መከፈቱንም፣ ከበስተኋላ የቆመውን ጎረቤትም አየች።

«ቁልፍ አለው?» አለችኝ።

«የለውም፤ ጠፍቷል» አልኳት።

ስኒውን አቀረበችልኝና ፎቶውን ደግማ አየችው።